በቃሌ የያዝኩት ኮድ

ፕሮግራመር የሆንኩት ኮምፒውተር ሳይኖረኝ ነው። ይህን ስናገር ሰው ጉራ ይመስለዋል፤ ጉራ ሳይሆን ሞኝነት ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቶ ቤት በተቀመጥኩበት ዓመት የላሊበላ የስልክ ኢንተርኔት ጠፋ። መንገዱም አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል። ከደሴ የመጣ የክፍል ጓደኛዬ ስለ ድረ ገጽ አሠራር የሚያስተምር አንድ ረጅም ጽሑፍ በሚሞሪ ካርድ ጭኖ ሰጠኝ። ስልኬ ላይ ከፍቼ ሳነበው፣ ከተማዬን ሳልለቅ የምወጣበት መንገድ ያገኘሁ መሰለኝ። የተማርኩትን የምሞክርበት ነገር ግን አልነበረኝም። ስለዚህ እኛ ቤት ሁሉም ሰው በሚማርበት መንገድ ተማርኩት። በቃሌ ያዝኩት።

አባቴ የዜማ መምህር ናቸው። ከሙጃም፣ ከወገል ጤናም፣ ከዚያም ከራቀ አገር የመጡ ተማሪዎች ከቤታችን ጀርባ ጎጆ ቀልሰው ከእሳቸው ድጓ ይማራሉ። እኛ ዘንድ መማር ማለት መምህሩ ያሉትን ቃል በቃል፣ ከነዜማው መመለስ ነው። አንዲት ቃል ከዘለልክ ገደፍክ ትባላለህ። መሀል ላይ ከተደናቀፍክ ደግሞ ከመሀል መቀጠል የለም፤ ከመጀመሪያው ትነሣለህ። እኔም ድምፄ ጎርንኖ "ለዜማ አትሆንም" እስክባል ድረስ እንዲህ ስማር ቆይቻለሁ። ተማሪዎቹ ባሉበት "የኔታ" እላቸዋለሁ፤ ብቻችንን ስንሆን "አባዬ"። እናቴ ካረፈች ወዲህ ደግሞ ብቻችንን የምንሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

ጽሑፉን ከስልኬ ወደ አንድ ወፍራም ደብተር ገለበጥኩት። ከዚያ ጠዋት ጠዋት ደብተሩን ዘግቼ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ በሚወስደው መንገድ ላይ ወዲያ ወዲህ እያልኩ አነበንባለሁ። "ፈንክሽን፣ ቅንፍ ክፈት፣ ቅንፍ ዝጋ፣ ጥምዝ ቅንፍ ክፈት።" ሳላስበው ዜማ አበጅቼለት ነበር። ተማሪዎቹ ሳቁብኝ፤ አንዳንዶቹም ለይቶለታል አሉ። አባቴ ግን አልሳቁም። አንድ ቀን በሩ ላይ ቆመው ሲያዳምጡኝ ቆዩና "እዚያ ጋ ትንፋሽህን አትቁረጥ" አሉኝ። የምለው ነገር አልገባቸውም፤ የት መተንፈስ እንዳለብኝ ግን ገብቷቸዋል። ያን ቀን የተሰማኝ ኩራት አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

በዓመት ከመንፈቅ ደብተሩን ዳር እስከ ዳር ያዝኩት። ያዝኩትና ምን አደርገዋለሁ? ቱሪስት የለም። አስጎብኚዎቹ መንገድ ዳር ተደርድረው ማንም የማይመጣበትን መንገድ ያያሉ። እኩዮቼ የሚሄዱት ሄደዋል፣ የቀረነው ስንገናኝ ትናንት ያወራነውን እናወራለን። ጠዋት ተነሥቼ ተራራውን ሳየው ያናድደኝ ጀመር። ሰው ይህን ተራራ ለማየት ባሕር ተሻግሮ ይመጣ ነበር፤ እኔ ግን ማዶውን እንዳላይ የተገደገደብኝ ግድግዳ ሆነብኝ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ታፍኜ የምሞት ይመስለኝ ነበር።

የመስመር ኢንተርኔት ያላቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው። አንደኛው ከከተማው ወጣ ብሎ ገደሉ አፋፍ ላይ የተሠራ ሆቴል ነው። ሥራ አስኪያጇን ሄጄ ለመንኳቸው። ከእናቴ ጋር ጽዋ ይጠጡ የነበሩ ሴት ናቸው፤ እምቢ ማለት አልቻሉም፣ በነፃም አላስቀመጡኝም። የውሃ ፓምፑን አያለሁ፣ የተበላሸ አምፖል እቀይራለሁ፣ በወር አንዴ እንግዳ ከመጣ ሻንጣ እሸከማለሁ። በምላሹ ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ በተገለበጡበት ባዶ ምግብ ቤት ውስጥ፣ የእንግዳ መቀበያውን አሮጌ ላፕቶፕ ይዤ እንድቀመጥ ፈቀዱልኝ።

"ሥራው ኢንተርኔት ውስጥ ነው ያለው?" ብለው ጠየቁኝ አንድ ቀን።

"አዎ፣ እትዬ።"

"ታዲያ ሦስት ወር ሙሉ ስትፈልገው አላገኘኸውም?"

አላገኘሁትም። ላገኘሁት ማስታወቂያ ሁሉ ጻፍኩ። ዲግሪ ይላሉ፣ የሦስት ዓመት ልምድ ይላሉ፣ የሠራሃቸውን ድረ ገጾች አሳየን ይላሉ። አብዛኞቹ መልስም አልሰጡኝም። በኋላ አዲስ አበባ ያለ አንድ ትንሽ ድርጅት መለሰልኝ። ዲግሪ አልጠየቁም። በቪዲዮ እየተያየን አንዲት ትንሽ ገጽ ፊታቸው እንድሠራ ብቻ ነው የፈለጉት። የሚሠራውን ነገር ሲነግሩኝ ልቤ ዘለለ። ሰው የሚገዛቸውን ዕቃዎች የሚመዘግብበት፣ የሚጨምርበትና የሚሰርዝበት ዝርዝር ነበር። የደብተሬ ሰባተኛ ምዕራፍ። ተኝቼም ቢሆን የምለው።

ፈታኟ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ ሴት ነበረች። "እርስዎ" ስላት "አንቺ በለኝ፣ አታስረጀኝ" አለችኝ። ከዚያ ጀምር አለችኝና ጀመርኩ። ጣቶቼ አልቆሙም። አንዲት ፊደል ሳልሰርዝ፣ አንዲት ነጥብ ሳልስት፣ በለሆሳስ እያዜምኩ ጻፍኩት። ስጨርስ ገጹ ሠራ። ቀና ብዬ ሳያት ተገርማ አፏን የምትይዝ መስሎኝ ነበር።

እሷ ግን ወደ ስክሪኑ ተጠግታ የጻፍኩትን ታነባለች። "እስቲ ይሄን መስመር አንብብልኝ" አለች።

አነበብኩላት። ኮዱ መሀል በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማስታወሻ ነው፤ ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ "እዚህ ከደረሳችሁ ጎበዞች ናችሁ፤ አሁን ተነሡና ውሃ ጠጡ" ይላል።

"ማንን ነው ውሃ ጠጡ የምትለው?"

ያን ማስታወሻ የጻፈው የትምህርቱ አዘጋጅ ነው፤ ለተማሪዎቹ የጻፈው ምክር ነው። እኔ ግን ከኮዱ ለይቼው አላውቅም። ደብተሬ ላይ አለ፤ ካለ ይባላል። መዝለል መግደፍ ነው። ዝርዝሩ ውስጥ ያስገባኋቸው ዕቃዎችም አዘጋጁ ለምሳሌ ያስገባቸው ነበሩ፤ በዕድሜዬ ቀምሼው የማላውቀው የአይብ ዓይነት ሳይቀር።

"ሌላ ስክሪን አለ አጠገብህ?" ድምፅዋ ተለውጧል።

"የለም።"

"ላፕቶፑን አንሣና ክፍሉን አሳየኝ።"

ላፕቶፑን ተሸክሜ ዞርኩ። የተገለበጡትን ወንበሮች፣ ባዶውን የምግብ ጠረጴዛ፣ መስኮቱን፣ ከመስኮቱ ማዶ ያለውን ገደል አሳየኋት። ሌባ ሆኜ ቤቴ እየተፈተሸ ያለ ያህል ፊቴ ጋለ። ተመልሼ ስቀመጥ ዓይኗ ለስለስ ብሏል። አምናኛለች፤ ማመኗ ግን አልጠቀመኝም። "እሺ፣ በቃልህ ነው የያዝከው ማለት ነው" አለች። "አሁን አንድ ነገር ብቻ ጨምርልኝ። ሰርዝ የሚለውን ቁልፍ ሰው ሲነካው ወዲያው አይሰርዝ። መጀመሪያ 'እርግጠኛ ነህ?' ብሎ ይጠይቅ።"

ቀላል ነበር። አሁን ዓይኔን ጨፍኜ የምሠራው ነገር ነው። ያን ጊዜ ግን ደብተሩ ውስጥ አልነበረም። ሰርዝ የሚለው ቦታ ደረስኩ፣ ቆምኩ፣ የሚቀጥለው ቃል የለም። ስለዚህ መሀል ላይ የተደናቀፈ ተማሪ የሚያደርገውን አደረግኩ። ሁሉንም አጥፍቼ ከመጀመሪያው ተነሣሁ። እንደገና እዚያው ደርሼ ቆምኩ። እንደገና አጠፋሁ። ሦስተኛ ጊዜ ስጀምር "ይበቃል" አለች ቀስ ብላ። "ለምንድን ነው ሁሌ ከመጀመሪያው የምትጀምረው?" ከሁለት ወር በኋላ ሌላ ሰው ስለምንቀጥር ያኔ ተመለስ፣ እስከዚያ ከራስህ የሆነ ነገር ሥራ አለችኝና ተሰናበተችኝ።

ቤት ስገባ አባቴ ደጅ ላይ ተቀምጠው ነበር። ፈተና እንዳለብኝ ያውቃሉ፤ ጠዋት መርቀውኝ ነው የወጣሁት።

"አልከው?" አሉኝ።

"አልኩት።"

"አንድም ሳትገድፍ?"

"አንድም አልገደፍኩም።"

"ታዲያ ምን ጎደለ?"

ንዴቴ ያን ጊዜ ገነፈለ። የሚጎድለውማ እርስዎ ያላስተማሩኝ ነው አልኩ። እንደ ገደል ማሚቶ የተባልኩትን ብቻ እንድመልስ ያደረጉኝ እርስዎ ነዎት፣ አንዲት ነገር ጨምር ብባል እጄ ታሰረ፣ ይህን ቤትም ይህን አገርም ጠላሁት አልኳቸው። ተማሪዎቹ ከጎጇቸው ሆነው ይሰማሉ። አባቴን እንዲያ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። አልተቆጡኝም። ተነሥተው ገቡ። ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር።

ሁለት ቀን አልተነጋገርንም። በሦስተኛው ቀን ከቅዳሴ መልስ "ና እስቲ" ብለው ከቤቱ ራቅ አድርገው አስቀመጡኝ።

"ዋድላ ቅኔ ቤት እንደ ነበርሁ ታውቃለህ" አሉ።

አውቃለሁ። ሁሉም ሰው ያውቃል። አባቴ በወጣትነታቸው ዋድላ ወርደው ቅኔ ሲማሩ፣ አያቴ ታመው ስላስጠሯቸው ትምህርቱን አቋርጠው መመለሳቸው በቤታችን ሲነገር የኖረ ታሪክ ነው። ባይመለሱ ኖሮ የት በደረሱ ይባላል።

"አባቴ ደኅና ነበሩ" አሉ። "የጠራኝም ሰው የለ።"

ያወሩኝን እስከ ዛሬ እያንዳንዱን አስታውሰዋለሁ። ቅኔ ቤት ዜማ ቤት አይደለም። እዚያ የተባለውን መመለስ ነውር ነው። ተማሪው በየቀኑ ዱር ገብቶ፣ ብቻውን ተቀምጦ፣ ማንም ያላለውን አዲስ ቅኔ ከራሱ አፍልቆ ቆጥሮ አመሻሹ ላይ ለመምህሩ ይነግራል። አንዴ የተባለ ቅኔ አይደገምም። አባቴ ድምፃቸው የተመሰከረለት፣ ድጓውን ገና በልጅነታቸው የጨረሱ ነበሩ፤ ዱር ሲገቡ ግን ምንም አልመጣላቸውም። አንድ ክረምት ሙሉ ሞከሩ። መጨረሻ ላይ ሌላ አገር የሰሙትን ቅኔ የራሳቸው አስመስለው ተናገሩ። መምህሩ ቅኔውን ያውቁታል። ምንም ሳይሉ ወደሚቀጥለው ተማሪ ዞሩ። አባቴ በማግስቱ ስንቃቸውን ይዘው ወጡ።

"አርባ ዓመት አስተማርሁ" አሉኝ። "ከማስተምረው ግዕዝ ግማሹን በቅጡ አልሰማውም። ዜማው ይዞኝ ይሄዳል እንጂ። ያልኸኝ እውነት ነው፤ በእኔ የደረሰው ነው በአንተም የደረሰው።"

እጃቸውን ልስም ጎንበስ ስል ከለከሉኝ። "ዝም ብለህ ስማኝ። መምህሩ ለጀማሪዎቹ ምን ይሉ እንደ ነበር ልንገርህ። ጥሩ አታምጡ፣ መጥፎም ቢሆን የራሳችሁን አምጡ ይሉ ነበር። እኔ መጥፎ ማምጣት አፈርሁ። ጥፋቴ እሱ ነው።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተሩን ወስደው ከመጻሕፍቶቻቸው ጋር ቆለፉበት። ሁልጊዜ ፀሐይ ስትጠልቅ ከሆቴሉ ስመለስ ይጠይቁኛል።

"ዛሬ ካመጣኸው ውስጥ ከደብተሩ የሆነ አለ?"

"የለም።"

"ይሠራል?"

"አይሠራም።"

"ደግ። ነገ።"

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አስቀያሚ ነበሩ። ስትነካው የሚሸሽ ቁልፍ ሠራሁ፤ ሸሽቶ ሸሽቶ ከገጹ ወጥቶ ቀረ። የጾም ቀኖችን የሚቆጥር ገጽ ሠራሁ፤ ዓመቱን በሙሉ ጾም አደረገው። አባቴ ይህን ስነግራቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። ባዶው ምግብ ቤት ውስጥ ተቀምጬ የማለቅስበትም ቀን ነበር። ከደብተሩ አንድ መስመር ትዝ ባለኝ ቁጥር እጄ ወደዚያ ይሮጣል፣ እመልሰዋለሁ። ሥራ አስኪያጇ ፓምፑን እይልኝ ሲሉኝ ደስ እያለኝ የምነሣበት ጊዜ ነበር፤ ፓምፑ ቢያንስ ሲበላሽ ምክንያቱ ይታወቃል። ግን በአምስተኛው ሳምንት ገደማ አንድ ነገር ሠራሁና "ይሠራል?" ሲሉኝ "ይሠራል" አልኩ። አባቴ የትኛው ተማሪ የትኛውን ምዕራፍ እንደ ጨረሰ የሚመዘግብ ገጽ ነበር። ስልኬ ላይ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩት፤ የአንዱን ተማሪ ምዕራፍ አሳስተሃል ብለውም አረሙኝ።

ሁለት ወሩ ሲሞላ ያቺ ሴት እንደገና ፈተነችኝ። በዚህ ጊዜ የሰጠችኝን ሥራ አይቼው አላውቅም። ቆሜ አሰብኩ፣ ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ፣ ተሳሳትኩ፣ ከመሀል ቀጠልኩ። የሠራሁት ነገር ዙሪያ ጥምጥም የሚሄድ፣ ሌላ ሰው በአምስት መስመር የሚጨርሰውን በሠላሳ የሚጨርስ ነበር። እያየችው ሳቀች። "ይሄ የማንም አይደለም" አለች። "እንዲህ አድርጎ የሚጽፍ ሰው አይቼ አላውቅም።" ከዚያ የምሠራው አዲስ አበባ ከቢሯቸው እንደሆነ፣ ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት አገር ሆኜ ሊቀጥሩኝ እንደማይችሉ፣ የአውሮፕላን ቲኬት እንደሚልኩልኝና በአሥር ቀን ውስጥ መድረስ እንዳለብኝ ነገረችኝ።

ወደ ቤት ስሮጥ የሚጠብቀኝን አላሰብኩም። ለአባቴ ነግሬያቸው፣ ግንባሬን ስመው፣ ተማሪዎቹን ጠርተው "ልጄ ሥራ አገኘ" ሲሉ ነው የገባኝ። እዚህ ቤት ከእንግዲህ ብቻቸውን ሊቀሩ ነው። እነዚያ አሥር ቀናት ከሁለቱ ዓመታት የባሱ ነበሩ። ወጥቼ ለመሄድ ስታገል የኖርኩት እኔው፣ የአባቴን ጋቢ አጥቤ ሳሰጣ፣ ውሃ ስቀዳላቸው፣ በየምክንያቱ መቅረት የሚቻልበትን መንገድ እፈልግ ነበር። ትንሽ ሳል ስሰማባቸው እንኳን ምነው ታምመው በሆነ እላለሁ፤ ከዚያ በራሴ አፍራለሁ።

ልሄድ የተነሣሁበት ጠዋት አባቴ ቦርሳዬን አንሥተው እስከ በሩ ሸኙኝ። ተማሪዎቹ ራቅ ብለው ቆመዋል።

"አንድ ነገር ቃል ግባልኝ" አሉኝ። "እዚያ ሄደህ የሚከብድህ ቀን ይመጣል። ያን ቀን አባቴ ታሟል ብለህ እንዳትመለስ።"

"አባዬ፣ እኔ እንዲያ አላደርግም።"

"እኔም አላደርግም ብዬ ነበር የሄድሁት።"

"እሺ፣ በእውነት ቢታመሙስ?"

"በእውነት ብታመምም አትምጣ" አሉኝ። "ለእኔ ብለህ ትምጣ ወይ ሥራው ከብዶህ፣ ያን ጊዜ አንተም አታውቀውም። እኔ እስከ ዛሬ አላወቅሁትም፤ ውሸቱን ከደጋገምሁት ብዛት አባቴ የታመሙ የሚመስለኝ ጊዜ አለ። ተማሪዎቹ አሉ፣ እነሱ ያስታምሙኛል። እሺ በል።"

እናቴ በሌለችበት ቤት፣ ለአንድ አባት አንድ ልጅ ሆኜ፣ እሺ በል ተባልኩ። ከፈተናው ሁሉ ይህ ከበደኝ። አባቴ እጄን እንደያዙ ይጠብቃሉ።

"እሺ" አልኳቸው። ከዚያ ተማሪዎቹ እንዳያዩኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ አለቀስኩ።